ጠበቃና ደላላ ይለዩ!

ለብቻው የሚሠራ ጠበቃ «ከስደተኛው ደንበኛ እንዴት ላግኝ?» ሲለኝ መልሴ አንድ ነው፦ ደላላውን ተው። ካርቲየ ሰባት ውስጥ ስም የሚወጣው ቡና ላይ ነው። ዋጋህን አስቀድመህ ተናገር፣ ደረሰኝ ስጥ፣ የማያዋጣውን ጉዳይ «አያዋጣም» በል። አንዲት እናት በሚገባት ቋንቋ ካስረዳሃት ጎረቤቶቿን ይዛልህ ትመጣለች።

እናንተም እወቁ፦ የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት በነጻ ነው። «ፋይልህን አስፈጥናለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሌባ ነው። ጠበቃ የሚያስፈልገን ደመወዝ ስንከለከል፣ በቤት ኪራይ ስንካሰስ ነው። ጅቡቲ በ1977 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት፣ አንቀጽ 16፣ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት ለስደተኛ ይሰጣል። ለዚህ ሥራ ክፈሉ፤ ለወሬ ግን አንድ ፍራንክ አታውጡ። ለዘመድ ሸር አድርጉት።