«ይውረድ!» ከማለታችን በፊት

ሰሞኑን በመኝታ ቤታችንም ሆነ በምግብ አዳራሹ፥ ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ ባሉት ሻይ ቤቶችም ጭምር የሚሰማው ቃል አንድ ነው፤ «አሠልጣኙ ይውረድ!» ጩኸቱ የዘንድሮ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ሰው ላይ ብቻ የተነሣም አይደለም። አዳማ ከተማ በተከታታይ ሁለት ጊዜ የተረታ እንደ ሆነ ይነሣል። ብሔራዊ ቡድናችን ከውጭ አገር ባዶ እጁን የተመለሰ እንደ ሆነ ይነሣል። ይባስ ብሎ አንድ የእንግሊዝ ክለብ በዲኤስቲቪ ቤት ዓይናችን እያየ ሲሸነፍ፥ አዳማ የምትባል ከተማ መኖርዋን እንኳ የማያውቅ አሠልጣኝ በአማርኛም በኦሮምኛም ውረድ ይባላል። ይህን የምጽፈው ከጯኺዎቹ ተለይቼ አይደለም፤ ድምፃቸው እስኪዘጋ ከጮኹት አንዱ ነኝ።

ሐሳቤን የለወጡት አንድ የወንጂ ሽማግሌ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታ ወደ ዩኒቨርሲቲያችን ሜዳ በመጣ ጊዜ፥ እኔ ገና አዲስ ተማሪ ሳለሁ፥ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ዕድሜያቸውን በስኳር ፋብሪካው የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። ጩኸቴ ጆሯቸውን ቢበሳው ጊዜ ወደ እኔ ዘወር ብለው፥

«ልጄ፥ ይኸ ስንተኛው ነው?» አሉኝ።

«ምኑ፥ አባባ?»

«የምታወርዱት ነዋ! እስቲ ከወረዱት አንዱ እንኳ ምን አጥፍቶ እንደ ወረደ ንገረኝ።»

«ተሸንፎ ነዋ» አልኋቸው።

«መሸነፍማ እኔም በዕድሜዬ ስንት ጊዜ ተሸንፌአለሁ» ብለው ሣቁብኝና ዓይናቸውን ወደ ኳሱ መለሱ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄያቸው አልለቀቀኝም።

አስቀድሜ ግን ከአንዳንድ ወንድሞች ጋር እንደማልስማማ ልናገር። «ተመልካች ከሆንህ አጨብጭብ፥ ካልሆነም ቤትህ ተኛ፤ የአሠልጣኝ ነገር የባለሙያ ጉዳይ ነው» የሚሉ አሉ። ይህ አነጋገር እኛ አገር አይሠራም። ክለቦቻችን በአብዛኛው የሚተዳደሩት የከተማ አስተዳደርና የመንግሥት ድርጅት በሚሰጣቸው በጀት ነው። አዳማ ከተማም ስሙ እንደሚናገረው የከተማው ቡድን ነው። እንግዲያስ የአሠልጣኙ ደሞዝ ከባለ ሱቁ ግብርና ከባጃጅ ነጂው ክፍያ ጭምር የሚወጣ ነው ማለት ነው። ገንዘቡን የሰጠ ሰው ገንዘቡ ምን እንደ ሠራ ቢጠይቅ ጥጋብ አይደለም፤ መብቱ ነው። የኔ ቅሬታ ጠየቅን ብዬ ሳይሆን አጠያየቅ አናውቅም ብዬ ነው።

ምሳሌውን ሁላችን ከምናስታውሰው ከብሔራዊ ቡድኑ ታሪክ ልጀምር። ሰውነት ቢሻው ቡድናችንን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አበቁ፤ በ2005 ዓ.ም. ጥር ወር በደቡብ አፍሪካ ተጫወትን። በዚያው ዓመት ለዓለም ዋንጫ በሚደረገው ማጣሪያ ደግሞ ማንም ያላሰበው ነገር ሆነ። ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ረታን፤ ሰኔ 9 ቀን አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ረታን። አገር ደስታ በደስታ ሆነ፤ መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ አደረ። የደስታው ቀን ሳይመሽ ግን የፊፋ ወሬ መጣ። ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ካርድ ስላለበት ከቦትስዋናው ጨዋታ መቅረት ሲገባው ተሰልፏል የሚል ነው። ቢጫዎቹ የተሰጡት አንዱ በ2004 ግንቦት፥ ሁለተኛው በ2005 መጋቢት ነበር። የተገኘው 3 ነጥብ ተወሰደ፤ ጨዋታውም ቦትስዋና 3 ለ 0 እንዳሸነፈች ተቆጠረ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ይህ ጥፋት የጉልበትም የችሎታም ማነስ አይደለም፤ ሁለት ካርድ ቆጥሮ ሦስተኛውን ጨዋታ የማስታወስ ሥራ ነው። በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ ሊጻፍ የሚችል ነገር ነው። ማን መቁጠር ነበረበት? የፌዴሬሽኑ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ የሚደርሰው ነውና ቀዳሚው ባለ ዕዳ እርሱ ነው፤ ስሕተቱንም አምኗል። ነገር ግን አሠልጣኝስ? እንደኔ አስተያየት «ካርድ መቁጠር የቢሮው ሥራ ነው» የሚል አሠልጣኝ ሠራተኛ ነው እንጂ መሪ አይደለም። ተጫዋቹን ሜዳ ያስገባው እርሱ ነው። የሚያስገባው ሰው ሊገባ የሚችል መሆኑን ባያውቅ፥ ሌላውን ሁሉ ቢያውቅ ምን ይጠቅማል?

ቡድኑ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ ጳጉሜ 2 ቀን ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፎ የምድቡ አንደኛ ሆነ፤ ከናይጄርያ ጋር በተደረገው የመጨረሻ ማጣሪያ በአዲስ አበባ 2 ለ 1፥ በካላባር 2 ለ 0 ተረታ። ሰውነት ቢሻው የተሰናበቱት ከዚያ በኋላ ነው፤ በ2006 ዓ.ም. ጥር በአገር ውስጥ ተጫዋቾች ብቻ በሚደረገው የአፍሪካ ውድድር ሦስቱንም ጨዋታ አንድ ግብ ሳናስቆጥር ተሸንፈን ስንመለስ። ልብ በሉ፤ ሰውየው የወረዱት በግብ ቁጥር ነው። የካርዱ ነገር እንደ ዘበት ታለፈ። ትልቁ ጥፋት ሳይመረመር በትንሹ ጥፋት ፍርድ ተሰጠ፤ እኛም ጮኸን ስለ ነበር ያሸነፍን መሰለን።

ከዚያ በኋላ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጡ፤ ሄዱ። ዮሐንስ ሳህሌ መጡ፤ ሄዱ። ገብረመድኅን ኃይሌ ተተኩ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ አዳማ ከተማን ያሠለጥኑ የነበሩት አሸናፊ በቀለ ተሾሙ፤ በከተማችን ምን ያህል ኩራት እንደ ነበረ ታላላቆቻችን ይነግሩናል። ሰኔ 4 ቀን ኩማሲ ላይ ጋና 5 ለ 0 አሸነፈን። አዳማ ላይ የተመሰገነው ዕውቀት ኩማሲ እስኪደርስ አውሮፕላን ላይ ተረሳ ወይ? እርሳቸውም ዓመት ሳይሞላቸው ከቦታው ወረዱ። በአራት ዓመት ውስጥ አራት አሠልጣኝ ማለት ነው። አራቱም ሲመጡ የተቀበላቸው ቢሮ አንድ ነበር፤ አራቱንም የሸኘው እርሱው ነው። አበው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት ይህን ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ክለቦቻችን እንመለስ። ነገሩ ከዚህ ይብሳል እንጂ አይሻልም። ተጫዋቹ በአብዛኛው የሚፈርመው ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው። ክረምት ሲገባ ቡድኑ ይበተናል፤ አሠልጣኙም ብዙ ጊዜ አብሮ ይበተናል፤ መስከረም ላይ አዲስ አሠልጣኝ ከማያውቃቸው ሃያ ልጆች ጋር ይገናኛል። እነዚህን ልጆች ማን መረጣቸው? አንዳንዱ ቦታ አሠልጣኙ ነው፤ አንዳንዱ ቦታ ኮሚቴው ነው፤ አንዳንዱ ቦታ ደላላው ነው ይባላል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የተጫዋች ደሞዝ በወር ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ተበጀለት። ጣሪያው ተሠራ፤ ዝናቡ ግን በጎን ገባ እያሉ የሚቀልዱ አሉ። እውነት ይሁን ሐሰት ለማረጋገጥ አንድ የታተመ ሒሳብ ቢኖር ኖሮ ቀልዱም ባልተፈጠረ ነበር። አሠልጣኙ ራሱ መርጦ ከሆነ በመረጣቸው ልጆች ይጠየቅ። ሌላ ሰው መርጦለት ከሆነ ግን እርሱን ማውረድ የታመመን ትቶ አስታማሚን እንደ መቅበር ነው።

የራሳችንን ዓመት አልሸሽገውም። በ2013 ዓ.ም. አዳማ ከተማ በሠንጠረዡ ግርጌ ዓመቱን ጨረሰ። መውረድ ነበረበት፤ አልወረደም። ያልወረደበት ምክንያት ምን ነበር? በጦርነቱ ምክንያት ሦስቱ የትግራይ ክለቦች፥ መቐለ 70 እንደርታ፥ ስሑል ሽረና ወልዋሎ፥ ሊጉን ሊጫወቱ አልቻሉም። ባዶውን ቦታ ለመሙላት ሐዋሳ ላይ ተጨማሪ ውድድር ተደረገና ቡድናችን በዚያ በኩል ተረፈ። ከተማው ደስ አለው። በሌላው መከራ በተከፈተ በር ገብተን፥ በሩ እንዴት እንደ ተከፈተ ሳንጠይቅ ጨፈርን። ከዚህ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ግን ዓመቱ እንዴት እንደ ጠፋ ማንም መልስ እንዲሰጥ አለመጠየቃችን ነው። ሲሸነፉ «ይውረድ» እንላለን፤ ሲተርፉ ሁሉን እንረሳለን። እንዲህ ያለውን ተመልካች ማን ይፈራዋል?

ትዕግሥት ይኑረን የሚሉ ወገኖች ደግሞ የአሌክስ ፈርጉሰንን ታሪክ ይጠቅሱልናል። እውነት ነው፤ ሰውየው ማንቸስተር ዩናይትድን እ.ኤ.አ. በ1986 ተረክበው የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሡት በ1990 ነው፤ በመካከሉ የገዛ ደጋፊዎቻቸው ይሂዱልን ብለው ጨርቅ ላይ ጽፈው ሰቅለዋል። ነገር ግን ፈርጉሰን የተሰጣቸው ጊዜ ብቻ አልነበረም። ማን እንደሚገዛ፥ ማን እንደሚሸጥ፥ ከታዳጊዎች ማን እንደሚያድግ የመወሰን ሥልጣንም ነበራቸው። ሥልጣን ለሌለው ሰው ትዕግሥት ማድረግ ደሞዝ መክፈል ብቻ ነው። በእኛም አገር ቢሆን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ግብጽ ሁለት ጊዜ ቀድማን ሳለ 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣን ዕለት ቡድኑን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ የስፖርቱ አስተዳደር ዋና ሰውም ነበሩ። ቢሸነፉ ኖሮ ጥፋቱን የሚያላክኩበት ሌላ ቢሮ አልነበራቸውም።

አሠልጣኞቻችን ንጹሐን ናቸው ማለቴ ግን አይደለም። ትልቁ ኃጢአታቸው ዝምታ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ማይክሮፎን ቢቀርብላቸው የሚሰማው አንድ ነው፤ ዕድል አልቀናንም፥ ዳኛው በደለን፥ ሜዳው አልተመቸንም። ተጫዋች ያለ ፈቃዱ የተጫነበት አሠልጣኝ ሲፈርም ያን ያውቅ ነበር። ያን ጊዜ «በዚህ ሁኔታ አልሠራም» ያላለ ሰው፥ ከተባረረ በኋላ በሬዲዮ ቀርቦ ምስጢር ቢያወጣ አላዝንለትም። ውበቱ አባተ ቢያንስ ምን መጫወት እንደሚፈልጉ ሜዳ ላይ ይታይ ነበር፤ ኳሱን ከኋላ ጀምሮ በአጭር ቅብብል ማውጣት። ለአፍሪካ ዋንጫ ዳግመኛ አበቁን፤ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፉ። ድሉ የተገኘው ግን ሊሎንግዌ፥ ማላዊ ውስጥ ነው፤ ስታዲየሞቻችን አይመጥኑም ተብለው የሜዳችንን ጨዋታ በሰው አገር እንጫወት ነበርና። በ2015 ዓ.ም. ጊኒ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ስትረታን እርሳቸውም ሄዱ። ስታዲየሙን ያልሠራው ማን እንደ ሆነ እየታወቀ እርሱን ይውረድ ያለ አልሰማሁም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የኔ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። የውድድሩ ዓመት ሳይጀመር ክለቡ አንድ ገጽ ወረቀት አውጥቶ ይለጥፍ። የአሠልጣኙ ውል ለስንት ዓመት እንደ ሆነ፥ ተጫዋች የመረጠው ማን እንደ ሆነ፥ ከዓመቱ የሚጠበቀው ምን እንደ ሆነ ይጻፍበት። በዓመቱ አጋማሽ ደግሞ አሠልጣኙና የክለቡ ቦርድ ጎን ለጎን ተቀምጠው በአንድ አዳራሽ ለደጋፊው መልስ ይስጡ። ጎን ለጎን ያልሁት ሆን ብዬ ነው፤ ለየብቻ ከጠየቅናቸው አንዱ በሌላው ያሳብባል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሊጉ በአንድ ከተማ እየተሰበሰበ መካሄድ ከጀመረ ጀምሮ ደጋፊው ቡድኑን በቴሌቪዥን ማየት ለምዷል፤ ስለዚህ ፊት ለፊት መገናኘቱ ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ በእጁ በነበረው ሥልጣን ያጠፋ አሠልጣኝ ይውረድ፤ እኔም አብሬ እጮኻለሁ። ቤተ ሰቡን መስደብና ጠርሙስ መወርወር ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቅር።

ይህን የሚጠይቅ ደብዳቤ ረቂቁ ተጽፎ በተማሪዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ተቀምጧል። ሊፈርም የሚወድ ተማሪ እስከ ዓርብ ድረስ ከምሳ በኋላ ይምጣ። የወንጂውን ሽማግሌ የሚያውቅ ካለም ይንገርልኝ፤ የመጀመሪያውን መሥመር ለእርሳቸው ክፍት ትቼዋለሁ።