ስለ ተኛው አንበሳ

የክረምት ዝናም ሲያባራ መፀው ይገባል፤ ይኸውም ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ነው። ሰማዩ ይጠራል፤ ሜዳው በአደይ አበባ ያጌጣል። እንስሳትን ለመጐብኘት የተመቸ ወራት ይህ ነው።

በ1948 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአዲስ አበባ፥ በስድስት ኪሎ፥ አንበሳ ግቢ ተቋቋመ። ከእሪ በከንቱና ከአራዳ ብዙ ልጆች አንበሶቹን ለማየት ሽቅብ ይወጡ ነበር። አንዳንዱ ልጅ ግን አንበሳው ተኝቶ ቢያገኘው «ሰነፍ ነው» እያለ ይጮኽበታል፤ ጠጠርም ይወረውርበታል። ይህ ስሕተት ነው። አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ያርፋል፤ ተፈጥሮው ነውና ስንፍና አይባልም።

ታጋሽ ልጅ ግን በየዓመቱ በመፀው እየተመለሰ ያያል። ደቦሉ ሲወለድ ገላው ነጠብጣብ አለበት፤ ሲያድግ ይደበዝዛል። ከዚያ ወንዱ ጎፈር ያበቅላል፤ ጎፈሩም እያደር ይጠቍራል። የዚያ ግቢ አንበሶች ጎፈር ደረታቸውን አልፎ እስከ ሆዳቸው ይደርሳል። በ2012 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሊቃውንት ዘራቸውን መርምረው ከሌሎች አንበሶች የተለየ መሆኑን ገለጡ። ጠጠር ወርዋሪው ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያይም።

እሪ በከንቱ ማለት ሰሚ ያጣ ጩኸት ማለት ነው። ሰው ቢበደል ወደ ዳኛ ሄዶ አቤት ይላል፤ የታሰረ እንስሳ ግን የሚሄድበት ዳኛ የለውም። ስለዚህ የሰው ደግነት የሚታወቀው አቤት ለማይል ፍጡር ሲራራ ነው።