ስለ ለስላሳ የፍቅር ዘፈን

ቀድሞ የምኒልክ አደባባይ ይባል በነበረው በጅቡቲ ከተማ የጁን 27 አደባባይ አጠገብ፣ የቀትሩ ሐሩር በርዶ ሰው ከየቤቱ ብቅ በሚልበት ሰዓት፣ ከአንዲት ሻይ ቤት የማሕሙድ አሕመድ ድምፅ ሲፈስ የሰማ መንገደኛ፣ አማርኛ ከቶ የማያውቁ ሰዎች እንኳ ራሳቸውን በዝግታ ሲነቀንቁ ያያል።

የዚህ ምስጢር፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ከቃሉ ይልቅ ከትዕግሥቱ ነው። በአስመራ ከነበረው ከቃኘው ጣቢያ ሬዲዮ ይሰማ የነበረው የአሜሪካ ጥቁሮች ሶል ከእኛው ትዝታና አምባሰል ጋር ተዋሕዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 በካይፋ ሙዚቃ ቤት እንደታተመው የማሕሙድ «ኧረ መላ መላ» ያለ ሥራ በተወለደ ጊዜ፣ ባሱ አንዲቱን ሐረግ ሳይሰለች ይመላልሳል፤ ሳክስፎኑ ስንኙ እስኪፈጸም ጠብቆ ብቻ እንደ ተቀባይ ይመልሳል፤ ዘፋኙም ድምፁን እያንቀጠቀጠ፣ ሊቃውንተ ያሬድ አራራይ ከሚሉት ልብ አራሪ ዜማ እምብዛም በማይርቅ ለዛ፣ ይለማመጣል እንጂ አይጮኽም። (ካህናት ይህን ንጽጽር ባይወዱልኝ አልቀየምም።)

የጅቡቲ ብሔራዊ ሬዲዮ የሙዚቃ ጓድ የሆነው ግሩፕ አር ቲ ዲም እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውን አልበሙን በሬዲዮ ጣቢያው ስቱዲዮ በሦስት ቀን ብቻ ቀርጾታል፤ ተጫዋቾቹ በአንድ ክፍል ተሰብስበው እየተደማመጡ ስለ ተጫወቱ፣ የእስትንፋሳቸው ሙቀት ይሰማል። ዛሬ ግን ድምፃዊው ለብቻው፣ ኮምፒውተሩ ለብቻው ሆነው የሚሠሩት አብዛኛው ዘፈን ለዝምታ ስፍራ አይተውም፤ ፍቅረኛዋ መልስ ትሰጥ ዘንድ እንኳ ፋታ የላትም። በዚያች ሻይ ቤት ያለው አስተናጋጅ፣ ሳክስፎኑ ሲገባ፣ ብርጭቆ ማጋጨቱን ያቆማል።