የታወኩ ሰዎችን ወደ ጸጥታ ስለ መምራት

በዚህ ገጽ ዘወትር የምንናገረው እናትና አባት በቤታቸው ሊሠሩት ስለሚችሉት ነገር ነው። የዛሬው ሥራ ግን ከቤት ደጃፍ ጥቂት ወጣ ይላል። ልባቸው የታወከ ሰዎች በአንድነት በተቀመጡ ጊዜ፥ ከፊታቸው ተቀምጦ በቃል እየመሩ ወደ ጸጥታ ማድረስ፥ ተመስጦን መምራት ይባላል። ቀድሞ ይህ የገዳም ሰዎችና የሱፊ ሼሆች ሥራ ብቻ ይመስል ነበር፤ አሁን ግን የጤና ሠራተኛዋም አስተማሪዋም የዕድር ዳኛዋም ድንገት «እባክሽ አንቺ ምሪልን» ተብላ ትለመናለች። የተለመነችውም ሴት ብዙ ጊዜ የምትፈራው ድምፅዋ እንዳያስጠላ ነው። እኛ ስለ ድምፅዋ እምብዛም አንጨነቅም። የሚያሳስበን፥ በጎ ሐሳብ ይዛ ሳለች የቆሰለውን ሰው ዳግመኛ እንዳታቆስለው ነው።

ይህን ስንጽፍ በዐይነ ኅሊናችን የምናየው የመተማን ቆላ ነው። መተማ ዮሐንስ፥ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በጦርነት ቆስለው ካረፉበት ጊዜ ጀምሮ ስሙ በታሪክ የታወቀ የድንበር ከተማ ነው፤ ከከተማው ጫፍ ድልድዩን የተሻገረ ሰው በሱዳን አገር ገላባት ይገባል። በሰላም ጊዜ በዚህ መንገድ የሚመላለሰው ነጋዴና የቀን ሠራተኛ፥ ሰሊጥና ጥጥ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ በኋላ ግን፥ እናት ልጅዋን አዝላ፥ የተማረው ሰው የምስክር ወረቀቱን በጉያው ይዞ፥ በሱዳን ብዙ ዘመን የኖረው ኢትዮጵያዊም ባዶ እጁን ሆኖ በዚሁ በር ገባ። ብዙዎቹ የሱዳን ስደተኞች በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፈሩ። ሆኖም ዕረፍት አላገኙም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የኮሌራ በሽታ በኩመር ገባ፤ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. መጨረሻም አንድ ሺሕ ያህል ሰዎች ዘረፋና ጥቃት ስለ በዛባቸው ከአውላላ በእግራቸው ወጥተው በመንገድ ዳር በጫካ ሰፈሩ። በዚያው ዓመት ክረምት በአፍጥጥ አዲስ ሰፈር ተከፈተ። የአገሩም ነዋሪ ቢሆን፥ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በተነሣው ውጊያ ምክንያት የተኩስ ድምፅን የሚያውቅ ነው። እንግዲህ በዚያ ቆላ እንግዳውና ባለአገሩ በአንድ ጥላ ሥር ጎን ለጎን ቢቀመጡ፥ ሁለቱም እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

ከእሳት ያመለጠ ሰው፥ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ሰውነቱ መሮጡን አይተውም። በር ሲገፋ ይደነግጣል፤ ጀርባውን ለሰው መስጠት አይወድም፤ ሌሊት ልቡ ይመታል። እንዲህ ላለው ሰው «ዐይንህን ጨፍን» ማለት ቀላል ትእዛዝ አይደለም። ሌላው ሰው ዐይኑን ሲጨፍን ዕረፍት ያገኛል፤ እርሱ ግን ያንኑ የሸሸውን ቀን ያያል። ስለዚህ መሪዪቱ ከሁሉ አስቀድማ ልታውቀው የሚገባት፥ ዐይንን መክደን ፈቃድ እንጂ ግዴታ አለመሆኑን ነው። ያልከደነው ሰው ከፊቱ ያለውን መሬት ወይም የገዛ እጁን እየተመለከተ ሊቀመጥ ይችላል። ጀርባውን ወደ ግድግዳ ማድረግ የፈለገም ያድርግ። መውጫውም ክፍት ሆኖ ለሁሉም ይታይ፤ ተነሥቶ የሚወጣም ሰው ቢኖር ማንም አይጠይቀው።

ስለ ስፍራውና ስለ ሰዓቱ ብዙ የምንለው የለም። በመጋቢትና በሚያዝያ የመተማ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ፥ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በራኩባ ሥር መቀመጥ ይሻላል። ውኃ አይታጣ። ሴቶቹን ሴት ብትመራቸው መልካም ነው፤ ትልልቆቹንም በየወጋቸው፥ የእኛዎቹን «እማማ» ወይም «እትዬ»፥ የሱዳኖቹን «ሐጃ» ብላ ትጥራቸው። አስተርጓሚ ያለ እንደ ሆነ ዐረፍተ ነገሩ አጭር ይሁን፤ ረዥም ንግግር በሁለት ቋንቋ ሲነገር የሰበሰቡትን ልብ ይበትናል።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። በመቅረጫ ተቀድተው ከሚሰሙት የተመስጦ ቃሎች ብዙዎቹ «በለመለመ ጫካ ውስጥ እየሄዳችሁ እንደ ሆነ አስቡ» ወይም «የልጅነት ቤታችሁን በዐይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ» ይላሉ። በከተማ በሰላም ለሚኖር ሰው ይህ ደስ ያሰኘው ይሆናል። ከአውላላ ሸሽታ በጫካ ላደረች እናት ግን ጫካ የሰላም ስፍራ አይደለም፤ ቤትዋን ለተቃጠለባትም ቤትን አስቢ ማለት ጭካኔ ነው። እኛ ስንመክር፥ መሪዪቱ ሰዎቹን ወደ ሩቅ አገር አትውሰዳቸው እንላለን፤ አሁን ከተቀመጡበት ስፍራ ላይ ታቆያቸው። እንዲህ ብትል ይበቃል፤ «እግራችሁ መሬቱን ሲነካ ልብ በሉት። መሬቱ ክብደታችሁን ተሸክሞታል። እጃችሁን እርስ በርሱ አሹት፤ ሙቀቱ ይሰማችኋል። አሁን ከሩቅ የሚሰማውን አንድ ድምፅ ፈልጉ፤ ከዚያም ከቅርብ የሚሰማውን።» የጋሪ ድምፅ ይሁን፥ የደወል ወይም የአዛን ድምፅ ይሁን፥ ሁሉም ያገለግላል። እነዚህን የመሰሉት ቃሎች ሰውን ከትናንት ወደ ዛሬ ይመልሱታል።

ስለ ትንፋሽም አንድ ነገር እንናገር። አየር ወደ ውስጥ ስናስገባ የልብ ምት ጥቂት ይፈጥናል፥ ስናስወጣ ደግሞ ይዘገያል። ስለዚህ ትንፋሽን ቀስ አድርጎ፥ ከማስገባት ይልቅ ማስወጣቱን ጥቂት ማስረዘም ሰውነትን ያበርዳል። ነገር ግን ጢስ ያፈነው ወይም አንገቱ የታነቀ ሰው፥ ትንፋሹን ሲከታተል ያው መታፈን ሊመለስበት ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ትንፋሹን ትቶ እግሩን ወይም ድምፁን ይከተል። ዝምታውም በመጀመሪያው ቀን ከግማሽ ደቂቃ አይለፍ፤ ጠቅላላው ዐሥር ደቂቃ ቢሆን በቂ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ጸጥ አስብላ ያስቀመጠች መሪ ጎበዝ ትመስላለች፤ በእኛ አስተያየት ግን የደከመውን ሰው ለብቻው ከሐሳቡ ጋር ትታዋለች።

በመካከሉ አንዲቱ ብታለቅስ መሪዪቱ አትደንግጥ፥ አትሩጥም። ሳያስፈቅዱ እጅን በትከሻ ላይ ማኖር በሌላ ጊዜ ደግነት ነው፤ እዚህ ግን የሚያስደነግጥ ሊሆን ይችላል። «ምን ደረሰብሽ?» ብሎ በሰው ፊት መጠየቅ ፈጽሞ አይገባም። ድምፅዋን ሳትለውጥ፥ ዐይናቸውን የከደኑ ሁሉ እንዲገልጡ ለሁሉም በአንድነት ትናገር፤ እንዲህ ስታደርግ ያለቀሰችዋ ለብቻዋ አትታይም። ለዚህም ነው ሁለተኛ ሰው የሚያስፈልገው። አንዷ ስትመራ ሌላይቱ ሰዎቹን ትመለከታለች፤ ውጭ የወጣም ቢኖር ከሩቅ ሆና ትጠብቀዋለች።

ይህ ሁሉ የእኛ ፈጠራ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ሰልፍ ሄልፕ ፕላስ የተባለ ሥርዐት አዘጋጅቷል። በአምስት ጊዜ፥ በየጊዜው ሁለት ሁለት ሰዓት፥ እስከ 30 የሚደርሱ ሰዎች ተሰብስበው የተቀዳ ቃል ይሰማሉ፤ በሥዕል የተዘጋጀም መጽሐፍ ይሰጣቸዋል። የሚመሩትም ሐኪሞች ሳይሆኑ ጥቂት ሥልጠና ያገኙ ሰዎች ናቸው። በኡጋንዳ የተጠለሉ 694 የደቡብ ሱዳን ሴቶች የተካፈሉበት ምርመራ በ2012 ዓ.ም. ታትሟል፤ ከሦስት ወር በኋላ ይህን ያገኙት ሴቶች ጭንቀታቸው ካላገኙት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በቱርክ በ642 የሶርያ ስደተኞች ዘንድ በተደረገውም፥ ከስድስት ወር በኋላ በአእምሮ ሕመም የተያዙት ቍጥራቸው ያነሰ ነበር። በምዕራብ አውሮፓ 459 ሰዎች በተካፈሉበት ግን፥ ከስድስት ወር በኋላ ይህ ልዩነት አልታየም። ይህን የመጨረሻውን ሆን ብለን ጨምረነዋል፤ ተመስጦ ሁሉን ይፈውሳል የሚል ሰው ቢመጣባችሁ እንዳታምኑት ነው።

ነገሩ ከባሕር ማዶ የመጣ የሚመስለውም አንባቢ አይጥፋ። መነኩሴው መቁጠሪያውን፥ ሙስሊሙም ሙሰብሐውን በጣቱ እያለፈ፥ ቃልንና ትንፋሽን አስተባብሮ ሲቀመጥ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በኦምዱርማን በሼኽ ሐመድ አል ኒል መቃብር ዘንድ በየዓርቡ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይደረግ የነበረውን ዚክር፥ ከሱዳን ከመጡት ብዙዎቹ ያውቁታል። ነገር ግን የሁለቱም ሃይማኖት ሰዎች አብረው በተቀመጡበት ስፍራ መሪዪቱ የአንዱን ጸሎት ለሁሉም አታድርግ፤ ለየራሱ በልቡ የሚጸልይበትን ዝምታ ብትተውለት ይበቃል። የቡናውም ሥርዐት መልካም ረዳት ነው። አቦሉ እስኪፈላ ያለው ጊዜ፥ የጢሱ ሽታ፥ የስኒው ሙቀት በእጅ መሰማቱ፥ እነዚህ ሁሉ ያለ ስም የተደረገ ተመስጦ ናቸው፤ ብዙ ሴቶችም «ዐይንሽን ክደኚ» ከመባል ይልቅ ስኒ ይዞ መቀመጥን ይመርጣሉ።

የተራበን ሰው ግን ትንፋሽህን ቍጠር ማለት አይገባም። ራሽን ባልደረሰበት፥ ሌሊትም ዘራፊ በሚመላለስበት ሰፈር ጸጥታን መስበክ፥ ሰውየው የጥፋቱ ምንጭ የገዛ ልቡ እንደ ሆነ እንደ መንገር ይቈጠራል። እህሉና ጥበቃው የሚመለከታቸው ሰዎች ሥራቸውን ይሥሩ፤ ይህ ከዚያ ጎን ለጎን የሚሄድ ነው። ደግሞም ለብዙ ቀን ያልበላ፥ ከማንም ጋር የማይነጋገር፥ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ወይም ሞትን የሚመኝ ሰው ቢገኝ፥ መሪዪቱ በጉባኤው አታቆየው፤ ዘመዱን ይዛ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ታድርሰው።

ሲጨርሱ በድንገት «በቃ፥ ሂዱ» አይባልም። ጣታቸውን ያንቀሳቅሱ፥ ዙሪያቸውን ይመልከቱ፥ ውኃ ይጠጡ፤ ፈቃደኛ የሆነ ጎረቤቱን በስሙ ጠርቶ ሰላም ይበል። መሪዪቱም ከሁሉ ኋላ ትነሣ፥ የሚቀጥለውንም ቀንና ሰዓት ትንገራቸው። እነዚህ ሰዎች በየበሩ «ነገ ኑ» ተብለው ብዙ ጊዜ የተመለሱ ናቸውና፥ መምጣት የማትችል ከሆነች ተቀምጠው ሳይጠብቋት በጊዜ ሰው ትላክባቸው።