ፍል ውሃ ስንወርድ የምንመርጠው ማደሪያውን ነው

 

ሰሞኑን ከደባርቅ አንድ አባወራ ጥያቄ ልከውልኛል። እናታቸው ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ የደም ግፊት መድኃኒትም ይወስዳሉ። ጎረቤቶቻቸው «ዋንዛዬ ወርጄ ተሻለኝ» እያሉ ስለሚያወሯቸው፣ አዝመራው ከገባ በኋላ ለሰባት ቀን ዋንዛዬ ፍል ውሃ ውሰዱኝ ብለው ልጆቻቸውን ይዘዋል። ልጅየው «ውሃው ይጠቅማቸው ይሆን? ደግሞስ የት ላሳርፋቸው?» ይሉኛል።

ሁለተኛው ጥያቄ በጣም ደስ አሰኘኝ። አብዛኞቻችን የምንጨነቀው ስለ ውሃው ነው። ውሃውን ግን ፈጣሪ አፍልቆታል፤ እኛ የምንመርጠው ማደሪያውን ነው። በሥራ ዘመኔ ከፍል ውሃ ተጎድተው የመጡ አረጋውያንን ተቀብያለሁ። የብዙዎቹ ጉዳት የመጣው ሌሊት ለሽንት ሲወጡ ከመውደቅ፣ መድኃኒት ከማቋረጥና ብቻቸውን ገንዳ ውስጥ ከመቆየት ነበር።

ዋንዛዬ ደቡብ ጎንደር፣ ደራ ወረዳ፣ በጉማራ ወንዝ ዳር ይገኛል። የአካባቢው ሰው ለቁርጥማትና ለቆዳ ሕመም ብሎ ሲወርድበት የኖረ ነው። ፍል ውሃ መውደድ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባም የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወረድ ብለው ፍል ውሃው አጠገብ ቤት ካሠሩ በኋላ ነው። የእቴጌይቱ አባት ወገን ደግሞ ስሜን ነው። የደጋ ሰው የሞቀ ውሃ ሲያገኝ ምን ያህል እንደሚደሰት ከኛ ወዲያ ማን ያውቃል!

ይህ ልማድ በሩቁ አገር በጃፓንም አለ። ሕመምተኛና አዛውንት ፍል ውሃ አጠገብ ሰንብቶ ማገገሙን «ቶጂ» ይሉታል። የሚገርመው፣ ቆይታውን በጥንቱ ልማድ የሚቆጥሩት እንደኛው በሰባት በሰባት ቀን ነው። ማደሪያዎቹ «ርዮካን» ይባላሉ። ከነዚህ አንዱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ705 የተከፈተ ሲሆን በዓለም ድንቃ ድንቅ መዝገብ ጥንታዊው ሆቴል ተብሎ ሰፍሯል። ብዙዎቹ ርዮካኖች ጥቂት ክፍል ያላቸው ናቸው። እንግዳ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ይገባል፤ የቤቱ እመቤት ራሷ ተቀብላ ታስተናግደዋለች። ማንም ሰው ገላውን በሳሙና ታጥቦ ሳይለቀለቅ የጋራ ገንዳ ውስጥ አይገባም።

ከነሱ ሁለት ነገር እንውሰድ፤ አስቀድሞ መታጠብንና ትንሽ ቤት መምረጥን። አረጋዊ ይዛችሁ ስትሄዱ አምስት ስድስት ክፍል ያለው፣ ባለቤቷ እዚያው የምታድርበት ቤት ከትልቁ ሕንጻ ይሻላል። በትንሽ ቤት ባለቤቷ «እማማ ከገላ መታጠቢያ አልተመለሱም እኮ» ትላለች። በትልቁ ቤት ግን ማን መግባቱን ማን መውጣቱን ልብ የሚል ላይኖር ይችላል።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ደውላችሁ ወይም ሰው ልካችሁ እነዚህን ጠይቁ።

አንደኛ፣ ከክፍሉ እስከ ውሃው ስንት ደቂቃ ያስኬዳል? መንገዱ ቁልቁለትና ድንጋይ የበዛበት ነው? ጉልበቱን የታመመ ሰው ሲወርድ ይብስበታል። በሙቅ ውሃ የላላ ሰውነት ደግሞ ሲመለስ ዳገት አይችልም።

ሁለተኛ፣ መጸዳጃው የት ነው? የደም ግፊት መድኃኒት ከሚወስዱት ብዙዎቹ የሚያሸና ክኒን አላቸው፤ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ይነሣሉ። መጸዳጃው ግቢ ውስጥ ከሆነ መንገዱ መብራት ይኑረው፤ ባይኖረውም የእጅ ባትሪ ትራስጌ ይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ አልጋው ምን ያህል ከፍታ አለው? መደብ ወይም መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ጉልበቱን ለታመመ ሰው መነሻ ያሳጣዋል። ተቀምጦ እግሩ መሬት የሚነካበት፣ ሲነሣም የማያስቸግረው ይሁን።

አራተኛ፣ ገንዳው የሚያዝ ነገር አለው? ወለሉስ ያንሸራትታል? ወንድና ሴት ለየብቻ፣ ረዳትም አብሮ መግባት የሚቻልበት መሆኑን አረጋግጡ። እናትን ሴት ልጅ ወይም ምራት አብራ ትግባ።

አምስተኛ፣ አጎበር አለ? ይህን አደራ እላለሁ። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የጣና ዙሪያ ግን ወደ 1,800 ሜትር ይወርዳል፤ ወባም አለበት። የደጋ ሰው ወባን ስላልለመደ ሲይዘው ይጠናበታል። ወባ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ አዝመራ ገብቶ የምንወርድበትም ጊዜ ከዚሁ ጋር ይገጥማል። አጎበር ከሌለ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባለው አንድ ወር ትኩሳት ከመጣ «ብርድ መታኝ» ሳትሉ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደም ተመርመሩ፤ ቆላ ወርዳችሁ እንደነበርም ንገሩ።

ማደሪያው ከተገኘ ወደ አጠቃቀሙ እንምጣ። ሙቀቱን እንደ ሕፃን ገላ ውሃ በክርን ለኩ። ከ40 ዲግሪ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ክርን የማይችለውን ውሃ አረጋዊም አይችለውም። ቆይታው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃል። ሙቅ ውሃ የደም ሥርን ስለሚያሰፋ ግፊት ይወርዳል። ድንገት ብድግ ያለ ሰው ዓይኑ ይጨልምበትና ይወድቃል። ስለዚህ አስቀድሞ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ትንፋሽ መውሰድ፣ ከዚያ ተደግፎ መነሣት ነው። ከመግባት በፊትና ከወጡ በኋላ ውሃ ይጠጣ። ጠላና አረቄ ከገላ መታጠቡ በኋላ እንኳ ቢቀሩ ደግ ነው፤ ከዚያ በፊትማ ጨርሶ ክልክል ነው።

የስኳር ሕመምተኛ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ኢንሱሊን ተወግቶ ወዲያው ሙቅ ውሃ የገባ ሰው፣ መድኃኒቱ ከወትሮው ፈጥኖ ስለሚሰራጭ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። በባዶ ሆድ አይገባም። ላብ ካጠመቀው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ንግግሩ ከተዘበራረቀ ቶሎ ስኳር የበዛበት ሻይ ስጡት፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳትሰጡ ወደ ጤና ተቋም አድርሱት። እግሩ የደነዘዘበት ሰው ደግሞ ሙቀት አይሰማውም። እግራቸው ተቃጥሎ ቆዳው እስኪላጥ ድረስ ምንም ያልተሰማቸው አንድ አባት ቁስላቸውን ለወራት አጥቤላቸዋለሁ። ለእንዲህ ያለ ሰው ውሃውን ሌላ ሰው ይለካለት። ኢንሱሊኑም በቆላው ሙቀት እንዳይበላሽ ውሃ በያዘ ሸክላ ገንቦ አጠገብ፣ ጥላ ቦታ ይቀመጥ።

መድኃኒት አይቋረጥም! «ሰባቱን ቀን ክኒኑን ልተወው፣ ውሃው ይሥራ» የሚሉ አሉ። የግፊት ክኒን በድንገት ማቆም ጭንቅላት ውስጥ ደም እስከማፍሰስ ያደርሳል። በጸበሉ በኩል እንኳ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚሄዱ በ1999 ዓ.ም. በአደባባይ ተናግረዋል። ለጸበል ያልተከለከለ መድኃኒት ለፍል ውሃ አይከለከልም።

በቅርብ ጊዜ ስትሮክ ወይም የልብ ሕመም ያገኘው፣ ትንሽ ሲራመድ ደረቱን የሚጨንቀው፣ ትኩሳት ወይም ክፍት ቁስል ያለው፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ ከሐኪም ሳይማከር አይውረድ። የልጅ ልጆች አብረው ከሄዱ ወንዙ ውስጥ አይንቦጫረቁ፤ የጣና አካባቢ ውሃ ቢልሃርዚያ አለበት። ፎጣም የየራስ ይሁን፤ የዓይን ማዝና እከክ በፎጣ ይተላለፋሉ።

እንግዲህ ለደባርቁ ወንድሜ መልሴ ይኸው። ውሃው የእናትዎን ጉልበት ያላላል፣ ሕመሙንም ለጊዜው ያስታግሳል፤ ያለቀውን መገጣጠሚያ ግን አይመልሰውም። ከመሄዳችሁ በፊት ግፊታቸው ይለካ፤ የመንገዱንም ሁኔታ አጣሩ። ለመጀመሪያው ጊዜ ሰባቱን ቀን ትታችሁ ሦስት ሌሊት ሞክሩ። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጎንደር አንድ ሌሊት አርፈው ቢቀጥሉ ይሻላል። ከተስማማቸው ለከርሞ ሰባቱን ይቆያሉ። ቤት ሲመለሱም በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ጉልበታቸው ላይ ያድርጉላቸው፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ቀና እያደረጉ አሥር አሥር ጊዜ ያፍታቱ። ይህ ዓመቱን ሙሉ የሚገኝ፣ ትራንስፖርት የማይጠይቅ ፍል ውሃ ነው።

ለእናትዎ ምሕረቱን ያውርድላቸው። ለሳምንቱ በሰላም ያገናኘን።