የት አደርክ? የት ዋልክ?

ባለፈው ሴሚስተር በታክስ ክፍለ ጊዜ አንድ የክፍላችን ልጅ «አሜሪካ ግብር ማሳወቅ ቀላል ነው አሉ፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ ይጨርሰዋል» ሲል ሰማሁና ሳቄ መጣ፡፡ የንቀት ሳቅ አልነበረም፡፡ እኔም አንድ ሰሞን ልክ እንደሱ አስብ ነበር፡፡ ያ ሐሳብ ምን ያህል እንዳስከፈለኝ ደግሞ የማውቀው እኔ ነኝ፡፡

ውድ አንባቢያን፣ በማታው መርሐ ግብር ወደዚህ ትምህርት ክፍል ከመግባቴ በፊት አሜሪካን አገር ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ፡፡ (የክፍሉ ልጆች «ጋሼ» የሚሉኝ በዕድሜዬ እንጂ በእውቀቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፡፡) ሥራዬ ቤት ቀለም መቀባት ነበር፡፡ የማንም ተቀጣሪ አልነበርኩም፤ ሮለሬንና መሰላሌን በመኪናዬ ጭኜ የሚጠራኝ ዘንድ እሄዳለሁ፡፡ እስከ ሐምሌ 2019 (በፈረንጆች) የኖርኩት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፡፡ ከነሐሴ ጀምሮ ኪራይ ተጋርቼ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ገባሁ፡፡ ሥራው ግን በዓመቱ ሙሉ ከፖቶማክ ወንዝ ወዲህም ወዲያም ነበር፡፡ ዛሬ ቤተስዳ፣ ነገ አርሊንግተን፡፡

እዚያ አገር ስቴት የሚባለው እኛ ክልል እንደምንለው ነው፡፡ ፌዴራሉ ለብቻው ግብር ይሰበስባል፣ አብዛኞቹ ስቴቶችም ለብቻቸው፡፡ እንደ ቴክሳስና ፍሎሪዳ ያሉ ጥቂቶች የግለሰብ ገቢ ግብር የላቸውም፤ እዚያ ያለ ሰው ይህ ጣጣ ግማሹ ቀለለለት ማለት ነው፡፡ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ግን ሁለቱም ያስከፍላሉ፡፡ ሜሪላንድ እንዲያውም በስቴቱ ላይ የካውንቲ ግብር ይጨመርበታል፤ በ2019 የሞንትጎመሪ ካውንቲ 3.2 በመቶ ነበር፡፡

በፌዴራሉ በኩል ያለው የታወቀ ነው፡፡ ተቀጣሪ ሰው ግብሩ ከደመወዙ ላይ ተቀንሶ ይገባለታል፤ ለራሱ የሚሠራ ሰው ግን ማንም አይቀንስለትም፡፡ በዓመት አራት ጊዜ፣ ማለትም ሚያዝያ 15፣ ሰኔ 15፣ መስከረም 15 እና ጥር 15 (ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር)፣ ገቢውን ገምቶ ራሱ መክፈል አለበት፡፡ ከገቢ ግብሩ ሌላ የራስ ሥራ ታክስ የሚባል 15.3 በመቶ አለ፡፡ ለጡረታና ለሕክምና ዋስትና የሚሄደው ይህ ነው፤ ለተቀጣሪ ግማሹን አሠሪው ይከፍልለታል፡፡ ስሌቱ በተጣራው ትርፍ 92.35 በመቶ ላይ ስለሆነ ትርፌ 30,000 ዶላር ነው ብንል 4,239 ዶላር ገደማ ይመጣል፡፡ የገቢ ግብሩ ገና ሳይነካ ማለት ነው፡፡ ይህን ሳያውቅ ዓመቱን ሙሉ ገንዘቡን ወደ አገር ቤት ሲልክ ከርሞ ሚያዝያ ላይ ራሱን የሚይዝ አበሻ ስንቱ ነው!

እኔን የጣለኝ ግን እሱ አይደለም፡፡ የጣለኝ የስቴቱ ጉዳይ ነው፡፡

ግብሬን ያሠራሁት አንድ ሱቅ ጓሮ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚሠራ ያገሬ ሰው ዘንድ ነበር፡፡ ስሙንም ሱቁንም አላነሳም፡፡ «ወንድሜ፣ አንተ ምን አለህና ነው ሁለት ስቴት የምትለው? በቨርጂኒያ እንጨርሰዋለን» አለኝ፡፡ ደስ አለኝ፤ አንድ ወረቀት ከሦስት ወረቀት ይሻላል፡፡ በፌዴራሉ ቅጽ ላይ አዲሱን የሜሪላንድ አድራሻዬን ጻፈ፤ በስቴቱ ላይ ዓመቱን ሙሉ የቨርጂኒያ ነዋሪ አደረገኝ፡፡ ሲጨርስ የሱ ስም ወረቀቱ ላይ የለም፡፡ እኔ ራሴ የሞላሁት ተብሎ ነው የሄደው፡፡ እዚያ አገር በክፍያ የሌላውን ግብር የሚሠራ ሰው መለያ ቁጥሩን ጽፎ መፈረም ግዴታው እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው፡፡ ፌዴራሉና ስቴቶቹ መረጃ እንደሚለዋወጡም ያወቅኩት በኋላ ነው፡፡ በ2021 ከሜሪላንድ ደብዳቤ መጣ፡፡ እዚህ ነዋሪ እንደሆንክ እናያለን፣ ያሳወቅከው ግብር ግን የለም፣ ነው ነገሩ፡፡ ደብዳቤው ልክ ነበር፡፡ ጥፋቱ የእኔና የዚያ ሰውዬ ነው፡፡

ያኔ ነው ሕጉን ቁጭ ብዬ ያነበብኩት፡፡ ብዙ ገጽ ነው፤ ግን ሲጨመቅ እናቶቻችን የሚጠይቁን ሁለት ጥያቄ ነው፡፡ የት አደርክ? የት ዋልክ?

ያደርክበት ስቴት፣ ማለትም ነዋሪ የሆንክበት፣ የትም የሠራኸውን ገቢ በሙሉ ይቆጥራል፡፡ የዋልክበት ስቴት ደግሞ ነዋሪው ባትሆንም እዚያው የሠራኸውን ብቻ ይቆጥራል፡፡ አንድ ገንዘብ ሁለት ጊዜ እንዳይገበርበት ያደርክበት ስቴት ለዋልክበት የከፈልከውን ያቀናንስልሃል፤ ክሬዲት የሚሉት እሱን ነው፡፡ ክሬዲቱ ግን ካንዱ ግብር ወይም ከሌላው ካነሰው አይበልጥም፡፡ ዓመቱ መሐል ላይ ቤት ከቀየርክ ነዋሪነትህ ለሁለት ይከፈላል፡፡ ይባስ ብሎ አንዱ ስቴት ራሱ ሁለት ወረቀት ሊጠይቅህ ይችላል፡፡ ለምሳሌ ቨርጂኒያ ለነዋሪነት ወራቴ ፎርም 760ፒዋይ ትፈልጋለች፤ ሜሪላንድ ገብቼ ካደርኩ በኋላ አርሊንግተን ሄጄ ለቀባሁት ደግሞ የነዋሪ ያልሆነ ሰው ቅጽ የሆነውን 763፡፡

ዋሽንግተን ዲሲ ለብቻዋ ናት፡፡ ነዋሪዋ ካልሆነ ሰው የግል ገቢ ላይ ግብር እንዳትጥል ኮንግረስ በ1973 ባወጣው ሕግ ከልክሏታል፡፡ የንግድ ግብሯ ግን ሌላ ነው፤ እሱን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ፡፡

አሁን የሚያበሳጨኝን ልናገር፡፡ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ በመካከላቸው ስምምነት አላቸው፡፡ አሌክሳንድሪያ አድሮ ሜሪላንድ ቢሮ የሚውል ተቀጣሪ የደመወዙን ግብር ለመኖሪያ ስቴቱ ብቻ ይከፍላል፡፡ አንድ ወረቀት፣ አለቀ፡፡ ስምምነቱ ግን ለደመወዝ ብቻ ነው፡፡ የቀለም ቀቢ ገቢ የንግድ ገቢ ስለሚባል አይነካውም፡፡ በአንድ ድልድይ ላይ፣ በአንድ ሰዓት፣ ጎን ለጎን እንነዳለን፤ እሱ ሒሳብ የሚሠራለት የደመወዝ ክፍል አለው፣ ሁለት ስቴት የሚጠየቀው ግን እኔ ነኝ፡፡ አንዳንድ ሰው «ነጋዴ ካተረፈበት ቦታ ይገብር እንጂ» ይላል፡፡ ክርክሩን አልንቀውም፤ መንገዱንም ደንበኛውንም ተጠቅሜአለሁ፡፡ ግን ደመወዝተኛውም እኮ ያንኑ መንገድ ነው የተጠቀመው! በእኔ እምነት ገቢው ከተወሰነ መጠን በታች የሆነ ለራሱ የሚሠራ ሰው እንደ ተቀጣሪው ባደረበት ስቴት ብቻ ቢያሳውቅ ሁለቱም ስቴቶች እምብዛም አይጎዱም፡፡

ትልልቆቹ ሲበደሉ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ፡፡ ዊን የሚባሉ የሜሪላንድ ባልና ሚስት በ39 ስቴቶች ግብር የከፈለ ኩባንያ ውስጥ ድርሻ ነበራቸው፡፡ ሜሪላንድ ለሌሎች ስቴቶች የተከፈለውን ከስቴቱ ግብር ላይ ስታቀናንስ ከካውንቲው ግብር ላይ ግን አላቀናንስም አለቻቸው፡፡ ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በግንቦት 2015፣ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ሜሪላንድ ተረታች፡፡ ዛሬ የእኔ ቢጤ ቀለም ቀቢ በካውንቲው ላይም ክሬዲት የሚያገኘው እነሱ ስለተከራከሩ ነው፡፡ እኔ ግን በዚያ ፍርድ ለመጠቀም በየትኛው ቀን የት እንደቀባሁ ማሳየት ነበረብኝ፡፡

እዚህ ላይ ነው ጉዱ፡፡ 1099 የሚባለው ዓመታዊ ወረቀት አሠሪው በዓመት ስንት እንደከፈለኝ ነው የሚናገረው፤ አርሊንግተን ይሁን ቤተስዳ አይልም፡፡ ስለዚህ ሁለት ዓመት ወደኋላ ሄጄ 2019ን ከስልኬ መልእክት («ነገ በ8 ሰዓት ቤተስዳ ና») እና ከቀለም ሱቅ ደረሰኝ ስለቅም አንድ ወር ሙሉ ማታ ማታ ተቀመጥኩ፡፡ ደረሰኞቹ ግማሾቹ ነጭ ሆነዋል፡፡ የዚያ ዓይነት ወረቀት መኪና ውስጥ ፀሐይ ካገኘው ጽሑፉ ይጠፋል፡፡ የነዳሁትን ማይል በ58 ሳንቲም አስልቼ መቀነስ እችል ነበር፤ ግን የቱን ማይል? ያልጻፍኩትን ማን ያምነኛል? ቨርጂኒያ የተስተካከለ ማሳወቂያ አስገብቼ ተርፎ የተከፈለውን መለሰችልኝ፡፡ ሜሪላንድ ከነወለዱና ከነቅጣቱ ተቀበለች፡፡ የጠፉት ወጪዎቼ እንደጠፉ ቀሩ፡፡ በዚያን ጊዜ በቀን ሁለት መስመር፣ የት እንዳደርኩና የት እንደቀባሁ፣ በአንዲት ደብተር ብጽፍ ኖሮ ሥራው የአንድ ቀን ነበር፡፡

ይህን ሁሉ የማወራው የስደት ታሪክ ለመተረክ አይደለም፡፡ የእኛ የታክስ ኮርስ የሚያሠራን መልመጃ ሁሉ «የአቶ እከሌ የተጣራ ትርፍ ይህን ያህል ነው» ብሎ ይጀምራል፡፡ ትርፉ ተጣርቷል፣ ቦታው ታውቋል፣ የቀረው ማባዛትና መቀነስ ነው፡፡ ማባዛቱንማ ያ ጓደኛዬ እንዳለው ኮምፒዩተር ይሠራዋል፡፡ ከባዱ ነገር መልመጃው ከሚጀምርበት መስመር በላይ ያለው ነው፡፡ ለዚያ ደግሞ አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም፡፡ ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 97 በክልላቸው ውስጥ ከሚሠሩ ግለሰብ ነጋዴዎች ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን ለክልሎች ይሰጣል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ክልል አይደለችም፡፡ ታዲያ ቡራዩ አድሮ ቦሌ የሚቀባ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ቢሾፍቱ ሥራ የሚያገኝ ሰው ምን ደብተር ይያዝ? እስካሁን በአንድም ክፍለ ጊዜ ተነጋግረንበት አናውቅም፡፡

መምህራኖቻችንን በአክብሮት የምጠይቀው አንድ መልመጃ ብቻ ነው፡፡ ትርፉ ያልተጣራ፣ ቀኑ የተዘበራረቀ፣ ሰውዬው መሐል ላይ ቤት የቀየረ ይሁን፡፡ ማዘጋጀት ካስቸገረ የ2019ኙ ደረሰኞቼ ከነነጫጮቹ በአንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ አሉ፤ የቀጣሪዎቼን ስም ሸፍኜ አመጣቸዋለሁ፡፡ ስንት ወረቀት፣ ለየትኛው ስቴት እንደሚያስፈልግ ተከራክራችሁ ንገሩኝ፡፡ መልሱን አውቀዋለሁ፤ ከፍዬበታለሁና፡፡