ለማያውቁት ሰው ሙሾ ማውረድ

ባገራችን ስለ ጦርነት የሚነገረው ግጥም አብዛኛው ከሁለት ወገን አይወጣም። አንደኛው ፉከራና ቀረርቶ ነው፤ የዘማቹን ልብ ያሞቃል። ሁለተኛው ሙሾ ነው፤ የሟቹን ዘመድ ያስለቅሳል። ዳሩ ግን ያየውን ሞት ዘመድ ላልሆነው፥ በሩቅ ተቀምጦ ነገሩ ለማይገደው ሰው የሚነግር ግጥም ሌላ ሦስተኛ ወገን ነው። ይህም በኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1914 እስከ 1918 ዓ.ም. በተደረገው ታላቅ ጦርነት ከዘመቱት የእንግሊዝ ባለቅኔዎች ዘንድ ጐልቶ ታየ።

ከነዚህም አንዱ በጀግንነቱ ኒሻን የተሸለመው መኮንን ሲግፍሪድ ሳሱን ነው። በ1917 ዓ.ም. ጦርነቱን ለማቆም ሥልጣን ያላቸው ሰዎች ሆነ ብለው አራዘሙት ሲል ተቃውሞውን ጻፈ፤ ጽሕፈቱም በፓርላማ ተነበበ። በዚያም ውስጥ ከሹማምንቱ አልፎ ሕዝቡን የሚነካ ቃል ነበረበት፤ ይኸውም በቤቱ ያለው ሰው የወታደሩን ሥቃይ በልቡ ሊሥለው ስለማይችል ሳይጨነቅ ይኖራል የሚል ነው። ለጦር ፍርድ ቤት ግን አላቀረቡትም፤ አእምሮው ታውኳል ተብሎ በኤዲንበርግ አጠገብ ወዳለ ሆስፒታል ተላከ። (እውነት የተናገረውን ሰው ታሟል ማለት እርሱን ከመቅጣት ይቀላል።)

እዚያም ከወጣቱ መኮንን ከዊልፍሬድ ኦወን ጋራ ተገናኘ። ኦወን ስለ መርዝ ጋዝ በጻፈው ግጥም፥ ደክመው ከግንባር በሚመለሱ ወታደሮች ላይ ጋዝ ይወርዳል፤ ሌሎቹ ጭንብላቸውን ሲያጠልቁ አንዱ ይዘገያል። ባለቅኔው አሟሟቱን በጭንብሉ መስተዋት ያያል፤ ኋላም በሕልሙ ያየዋል። ከዚያ በኋላ ፊቱን በቤቱ ተቀምጦ ጦርነትን ወደሚያሞግሰው ሰው መልሶ ይወቅሰዋል። አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ የሟቹን ዘር ትቆጥራለች፤ በዚህ ግጥም ግን የሟቹ ስም እንኳ አልተነገረም። እንዲለቀስለት የሟቹን ዘር ማወቅ አላስፈለገም።

ኦወን ጦርነቱ ሊቆም አንድ ሳምንት ሲቀረው በ25 ዓመቱ ተገደለ። ግጥሞቹ በ1920 ዓ.ም. በመጽሐፍ ታተሙ። በ1925 ዓ.ም. ደግሞ በመርዝ ጋዝ መዋጋትን የሚከለክለው ውል በጄኔቭ ተፈረመ፤ ኢጣልያም ፈርማለች። ከዚያ ወዲያ የሆነውን የኢትዮጵያ ሰው ያውቀዋል። ጋዙ በሠራዊታችንም በባላገሩም ላይ ዘነበ፤ ጁን 30 ቀን 1936 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ ቆመው መሰከሩ፤ በሚከተለውም ወር በኢጣልያ ላይ የተጣለው ቅጣት ተነሣ። በዚያ አዳራሽ የተቀመጡት መልእክተኞች ጋዝ ምን እንደሚያደርግ አላወቁም ነበር ማለት አይቻልም።

እንግዲህ ግጥሙ ምን ጠቀመ የሚል ሰው ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ግጥም ጋዝን አያግድም። ነገር ግን አላወቅሁም የሚለውን ማመካኛ ከሰው እጅ ይነጥቃል፤ ከዚህ በኋላ ዝም ያለ ሰው ዝም ያለው አውቆ ነው።

ይህን ወቀሳ በጄኔቭ ሰዎች ላይ ብቻ ብንተወው ይቀለን ነበር። በ2023 ዓ.ም. በጎረቤታችን በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሰዎች በመተማ በኩል ወደ አገራችን ተሰደው ገቡ። የእኛ ጋዜጦች ቁጥራቸውን ጻፉ። ከነርሱ አንዱን አስቀምጦ ያየውን የጠየቀ፥ የሰማውንም በአማርኛ የገጠመ ባለቅኔ ካለ፥ ይህን ዓምድ ለርሱ ብንለቅ ደስ ይለናል።